ድምፅ የሌለው ቀበቶ ፍለጋ

ቀበቶ ይጮኻል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወገቤ ላይ ሲንቃጨል ኖሮ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ልብ ለማለት ጫካ መጠራት ነበረብኝ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እዚህ ኦስሎ ሥራዬ የፎቅ መስኮት ማጠብ ነው። በመሰላል እንዳይመስላችሁ። በገመድ ነው። ገመዱ ጣራ ላይ ይታሰራል፣ እኔ ከገመዱ እንጠለጠላለሁ፣ ባልዲው ከእኔ ይንጠለጠላል። ኦከርን አካባቢ አዲስ ሕንፃ ባለቀ ቁጥር ግንበኞቹ አቧራቸውን ትተው ይሄዳሉ፣ እኛ እንመጣለን። ከትከሻ እስከ ጭን የሚታሰረውን የደኅንነት ቀበቶ የአገሩ ሰዎች ሴለ ይሉታል፣ እኛም ሴለ እንለዋለን። ብረቱ ብዛቱ! ስንራመድ ቃጭል እንዳሰረ በቅሎ ነን። ደግሞ መስኮት ድምፅ ሰምቶ አይበረግግ፣ ማን ግድ አለው?

ባለፈው ፀደይ ፎርማናችን ጡረታ ሊወጣ ነው ተባለ። ፎርማን ማለት መሬት ላይ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው ነው። ይቺን በቀላሉ አትዩዋት። የቀኝ ትከሻዬ አልቋል። ሐኪሙ ራጁን እያየ ስንት ዓመት ነው የምትንጠለጠለው ብሎ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ራጁን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሐኪም ራጅ ሲገለብጥ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ሁለት ክረምት ገመድ ላይ ከደገምኩ ክንዴን ለጸሎት እንኳ እንደማላነሣው ገብቶኛል። ያቺን መሬት ላይ መቆም ፈለግኳት። እንዴት አድርጌ ፈለግኳት!

አለቃችን ሮአር ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ረግሜው እገላገል ነበር። አንድ ጠዋት ገመድ ስጠቀልል መጥቶ አጠገቤ ቆመና ፎርማንነቱን ትወስዳለህ ወይ አለኝ። እንዲሁ በቀጥታ፣ ዛሬ ዝናብ ይጥላል እንደሚል ሰው። ልቤ ዘለለች። አፌስ ምን አለ? «ናይ፣ ናይ» አለ፤ አይ፣ አይ ማለት ነው። «ከእኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ» ብሎም ጨመረበት።

ለምን ትሉኛላችሁ? እናንተስ ብትሆኑ? ሰው ቤት ገብታችሁ ብሉ ስትባሉ፣ አንጀታችሁ እየተላወሰ፣ «አሁን በልቼ መውጣቴ ነው» አይደል የምትሉት? ከዚያ ባለቤቱ በሞቴ ይላል፣ አፈር ስሆን ይላል፣ ትግደረደራላችሁ፣ በሦስተኛው እጃችሁን ትታጠባላችሁ። ያደግነው እንዲህ ነው። ለአንድ ጉርሻ ሦስቴ የሚለመን ሰው ሹመት ሲሰጡት በአንድ ቃል ዘሎ እሺ ይላል? ነውር አይደለም? አባቴ ነፍሱን ይማረውና «ዝም አይነቅዝም» እያለ ነው ያሳደገኝ።

ሮአር ገባኝ አለ። አመሰገነኝ። ሄደ። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ።

ሚያዝያ አለቀ። ግንቦት አለቀ። ባለቤቴ ወይንሸት የምትሠራው ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከነጭ ሕፃናት ጋር ስለምትውል የአገሩን ጠባይ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ሙዝ ትፈልጋለህ ተብሎ ናይ ካለ ሙዙ ለሚቀጥለው ልጅ ነው። ሂድና እፈልጋለሁ በለው!» አለችኝ። አፍ አውጥቼ ሹመት ልለምን ወይ አልኳት። «እንግዲያው ትከሻህን ታቅፈህ ተቀመጥ» አለች። ወይንሸት ማባበል የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሮአር እንደገና መጣ። በዚህ መሥሪያ ቤት ትልልቁ ነገር ሁሉ አደን ነው። በየዓመቱ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ኤልግ ሊያድኑ ይሄዳሉ። ኤልግ ከበሬ የሚበልጥ፣ የበቅሎ ፊት ያለው አውሬ ነው። አሥራ አራት ዓመት ምሳ ሰዓት ላይ የኤልግ ወሬ ሰምቻለሁ፣ አንድም ቀን ና አላሉኝም። ዘንድሮ ግን ሮአር አንድ መቀመጫ ባዶ አለ፣ ስምህን ጽፌዋለሁ አለኝ። አያችሁ፣ አልጠየቀኝም። ስለዚህ እምቢ የምልበት ቀዳዳ አጣሁ። ደስታዬን ብታዩ! ይሄው፣ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ አልኩ። ሹመት የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ ነው ያለው ማነው? ጫካ ይዞኝ የሚሄደው በሞቴ ሊለኝ ነው።

ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነበር። ጠመንጃ አትይዝም፣ ዛፍ ላይ በታሰረችው መቀመጫ ቁጭ ብለህ ታያለህ፣ ኤልግ ስታይ በሬዲዮ ትነግረናለህ፤ ሴለ ታስረህ ነው የምትወጣው፤ ግን ድምፅ እንዳታሰማ፣ የኤልግ ጆሮ ክፉ ነው አለኝ።

ያን ዕለት ማታ የሥራ ሴለዬን አውጥቼ ሳሎን ውስጥ ነቀነቅኩት። ወይ ጉድ! ለካ አሥራ አራት ዓመት የወጥ ቤት ዕቃ ለብሼ ነው የምዞረው። ወይንሸት ከመኝታ ቤት ሳህን ሰበርክ ወይ ብላ ጮኸች።

በማግስቱ የአደን ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። ሻጯ ትከሻዋ የእኔን ሁለት የሚያህል ሴት ናት፣ ራሷም አዳኝ። የመጀመሪያውን ሴለ አመጣችልኝ፣ ጥሩ ነው፣ ግን መያዣው እርስ በርሱ የሚጣበቅ ጨርቅ ነው፤ ሲላቀቅ ቡሉኮ የተቀደደ ይመስላል። ተውኩት። ሁለተኛው ብረት የለውም፣ ግን ክሩ ደረቅ ነው፣ ከጃኬቴ ጋር ሲፋተግ ሲጥ ሲጥ ይላል። ደግሞ የጭኑ ማሰሪያ ቀጭን። ቀጭን ማሰሪያ ምን እንደሚሠራ እኔን ጠይቁኝ! ተንጠልጥለህ ስትቆይ ደምህን ያግደዋል፣ እግርህ የሌላ ሰው ይሆናል። ይሄን ሳስረዳት ሴትዮዋ ዓይኗ በራ፣ ከየት የመጣህ አዋቂ ነህ አለችኝ። ሦስተኛውን ከጓዳ አወጣችው። ጨርቁ እንደ ሕፃን መታቀፊያ የለሰለሰ፣ ጭኑ ሰፊ፣ መቆለፊያው ፕላስቲክ፣ ብትወድቅ እግርህን አሳርፈህ የምትቆምባት ማሰሪያ ሁሉ አለችው። ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኩት። ምንም። ለብሼው ሱቁ መሐል ሦስቴ ዘለልኩ። ምንም! ሰው ቆሞ አየኝ እንጂ አልሰማኝም።

ሴትዮዋ ታዲያ አደራ አለችኝ። ተንጠልጥለህ ሳትሞክረው ጫካ እንዳትገባ።

እኛ የምንኖረው ሃውገሩድ ነው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ኋላ አንድ የበርች ዛፍ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወጣሁበት፣ ገመዱን ከራሴ በላይ አሰርኩ፣ ራሴን ለቀቅኩ። እንዴት ይመቻል! ዓይኔን ጨፈንኩና በእንቅልፍ ጭልጥ አልኩ። ለካ ከታች አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን እያዩኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ደህና ዋልክ ብለውኝ አያውቁም። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ ድምፅ የማያሰማ ሰው ሲያዩ ምን ይበሉ? ስነቃ እግሬን አቅፈው ያለቅሳሉ። አታድርገው፣ የሚወዱህ ብዙ ናቸው ይሉኛል። የት ናቸው? እሳቸው ራሳቸው ስሜን እንኳ አያውቁትም! ፖሊስ መጣ፣ አምቡላንስ መጣ፣ በየበረንዳው ሰው ሞላ። ሥራ ነው፣ ልምምድ ነው ብዬ ማልኩ። ነርሷ የምታወራው ሰው ትፈልጋለህ አለችኝ። ናይ ታክ፣ አመሰግናለሁ አልፈልግም አልኩ። እርግጠኛ ነህ አለችኝ። እዚህ አገር ስኖር አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የተጠየቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አሮጊቷም ከማግስቱ ጀምረው እንደ ቀድሞው ሰላምታቸውን ነፈጉኝ።

እና ቅዳሜ ደረሰ። ወይንሸት በር ላይ በጥይት የወደቀን ሥጋ ማን ባርኮት ልትበላ ነው አለችኝ። ለሥጋ አይደለም የምሄደው አልኳት። «አውቃለሁ፤ መባረክ ያለበት አፍህ ነው» አለች።

ገና ሳይነጋ ዛፌ ላይ ወጣሁ። ቁመቷ ስድስት ሜትር፣ መቀመጫዋ በርጩማ የምታህል፣ ሬዲዮው ደረቴ ላይ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ብርዱ ቆረጠመኝ እንጂ ሴለው ምንም አላለኝም። ስዞር ዝም፣ ስደገፍ ዝም። ወፍ መጥታ ከጎኔ ቅርንጫፍ ላይ አረፈች፣ እኔን የዛፉ አካል አድርጋ።

ያኔ ሮአርና ማግኑስ መጡ። ማግኑስ ከእኛ ጋር የሚሠራ ልጅ እግር ሰው ነው፤ ቋጠሮ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ ያለሁበት ዛፍ ወዲያኛው መስሏቸዋል፤ ጫካው ሁሉ ጥድ፣ ምኑን ከምኑ ይለዩት? ከሥሬ ቆመው ከፔርሙዝ ቡና ቀዱ። ላስል አልኩ፣ ድምፅ እንዳታሰማ ተብያለሁ። ከዚያ ማግኑስ የእኔን ስም አነሣ። ለካ ሹመቱ ለልጁ ተሰጥቶ ኖሯል፤ «እሱ እያለ እኔ ፎርማን መሆኔ ደስ አላለኝም» አለው ሮአርን። «እሱ ቢፈልገው እኮ እተውለት ነበር» አለ፣ ልጁ።

ሮአር ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነበር፤ አልፈልግም አለኝ፤ አከብርለታለሁ፤ ጸጥታ የሚወድ ሰው ነው፤ እዚህ ያመጣሁትም ለዚሁ ነው፣ ጸጥታውን እንዲያገኝ» አለ። ማግኑስም እንግዲያው ሰኞ እፈርማለሁ አለው።

ሰኞ! ገና ቅዳሜ ነበርን እኮ! ሁለት ቀን ሙሉ! ሁለቱም ከእግሬ ሥር ናቸው፣ ባስነጥስ ይሰሙኛል። «እፈልጋለሁ» ማለት ነው፣ በቃ። ያቺ አሮጌ ሴለዬ በነበረች! አንዴ ቅጭል ብትል ቀና ይሉ ነበር፣ ሰማህ ወይ ይሉኝ ነበር፣ እፍረቱ ራሱ ያስተነፍሰኝ ነበር። እኔ ግን አገር ምድሩን ዞሬ ድምፅ የሌለውን መርጫለሁ። የለበስኩት መስሎኝ ነው እንጂ እሱ አንደበቴን ነው የወረሰው። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

አለቀስኩ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ዛፍ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። እሱንም ያለ ድምፅ።

ብዙም ሳይቆይ ኤልጉ መጣ። ቀንዱ የበር መዝጊያ ያህላል። ልክ ማግኑስ ቡናውን የደፋበት ቦታ ቆመ። አውራ ጣቴ የሬዲዮው ቁልፍ ላይ ነበር። ኤልጉ አየኝ፣ አየሁት። አልተጫንኩም። ቂም ይዘህ ነው እንዳትሉኝ። ቂም ይዤ ነው! ቀስ ብሎ ተራምዶ ጫካው ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ በእኔ ዝምታ የተጠቀመ ፍጡር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ማታ በምናድርባት የአዳኞች ጎጆ ውስጥ፣ አውሬ ስላልተገኘ፣ የአምናውን ሥጋ ቀቀሉ። ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አሁን እናገራለሁ ብዬ ወስኛለሁ፤ ከራት በኋላ ሮአር፣ አንድ ነገር ልንገርህ ብዬ። ቃሉን ሁሉ አሰናድቼዋለሁ። ሮአር ድስቱን ይዞ መጣ፣ ትበላለህ አለኝ። «ናይ ታክ» አለ አፌ። እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው! ድስቱ አለፈኝ። ወደ ማግኑስ ሄደ። ማግኑስ ሁለቴ ጨመረ። ለወጥ አፍ ያጣ ሰው ታዲያ ለሹመት ከየት ያመጣል? ደረቅ ዳቦ ገምጬ ተኛሁ።

ሰኞ ማግኑስ ፈረመ። ወይንሸት ታሪኩን ሰምታ ጨርሳ «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» አለችኝና ትከሻዬን በቅባት አሸችልኝ። እጇ ዘንድሮ ጠንክሮብኛል።

እኔም ማልኩ። በቃኝ! ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው አሥራ አራት ዓመት ዝም ብሎ አላየውም። ከእንግዲህ ምንም ነገር ልጠየቅ፣ በመጀመሪያው ቃል፣ ጠያቂው ሳይጨርስ፣ «ያ!» ነው የምለው። እሺ ማለት ነው። በመስተዋት ፊት ተለማመድኩት።

በሳምንቱ ማግኑስ፣ አዲሱ ፎርማን፣ ወረቀት ይዞ መጣ። ገና ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ተዘጋጀሁ። «ስማ፣ ለዚህ ክረምት አንድ…» ሲል «ያ!» አልኩት። ደነገጠ። እርግጠኛ ነህ ወይ እንኳ አላለኝም፤ ጻፈው። እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፣ ማንም አይወስደውም ብዬ ፈርቼ ነበር አለኝ።

የጣራ በረዶ ጠረጋ ነው። ክረምቱን በሙሉ፣ ቅዳሜን ጨምሮ፣ በአካፋ። በቀኝ ትከሻ።

አሁን ጣራ ላይ ነኝ። ለስላሳው ሴለ ቤት መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ይመቸው። እኔ የምለብሰው አሮጌውን ነው፣ ያንን የሚንቃጨለውን። ሆን ብዬም እነቀንቀዋለሁ። ከታች ለሚያልፍ ሰው እላይ ሰው እንዳለ ይሰማዋ! እስካሁን ቀና ብሎ ያየኝ የለም። በረዶው እንዳይወርድበት አንገቱን ቀብሮ ነው የሚሮጠው።