«ተነሽልኝ» ባዩ ወንድሜ

እናንተ ቤት ኮምፒውተር ሲያስቸግር «ተነሽልኝ» ባይ የለም? ሐኪም እንኳ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ይላል፤ ይህ ፍጡር ግን ከሕመሙ በፊት ወንበር ይጠይቃል።

ዘንዘልማ በሚገኘው እኛ ቤት ያለው «ተነሽልኝ» ባይ ታላቅ ወንድሜ ነው። ትናንት ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር፣ የክራር ድምፅ የሚያወጣውን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ፕለጊኑን፣ «አላገኘሁም» አለኝ። ዘፈኔ ደግሞ ለዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል መድረስ ነበረበት።

«ተነሽልኝ!» አለ ወንድሜ መጥቶ ራሴ ላይ ቆሞ። «መድኃኒቱ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ሁሉንም መደምሰስ ነው።»

«የቀዳሁት ድምፄ ይጥፋ?»

«ደግመሽ ትዘፍኛለሽ፤ አፍ እንደሁ አላነሰሽ!»

አላነሰኝም። «አልነሣም!» አልሁት። ራሴ ስመረምረው፣ ለካ ሶፍትዌሩ ፕለጊኑን የሚፈልገው በሌለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ፕለጊኑን የጫንሁበትን ፎልደር አሳይቼ እንደገና እንዲፈልግ አዘዝሁት። ክራሩ ብቅ አለ!

«እኔም ይህንኑ ልልሽ ነበር» አለ ወንድሜ።

«እንግዲያው ስማ» ብዬ ዘፈኑን ከፈትሁት። ከወንበሬ ንቅንቅ አላልሁም፤ እሱ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ።