አባቷን ያጠመደው አምባዛ

እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ሐዋሳ፣ አክስቷ እቴቴ ዘነበች ሳሎን ካለው ሶፋ ላይ፣ የሰባት ዓመቷ ሶልያና ዓለምን ተገልብጣ አየቻት። ያየችው በሕልሟ ነው።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት ግን ልጅቱ የተኛችው ተናዳ እንደነበር መታወቅ አለበት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ፣ «ሐዋሳ አክስትሽ ጋ እንሄዳለን፣ አብረን ሐይቁ ውስጥ እንገባለን» እያለ ሲያስጎመዣት የከረመው አባቷ ሙሉቀን ነው። አርብ ማታ ደረሱ። ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ነው ተባለ። ዝናቡ ሲያባራ አባቷ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩን ሲዘጋ ዓሣ ካልበላን ተባለ፤ ተበላ፤ እንደገና ዘነበ። እሁድ ጠዋት ደግሞ የእቴቴ ዘነበች ጎረቤት ጋ ለቅሶ መድረስ ግድ ሆነ። ምሳ ቀርቦ ተነሳ።

«አሁንስ?» አለች ሶልያና።

«እስቲ ትንሽ ጋደም በይ፤ ስትነሺ እንሄዳለን» አለቻት እናቷ ትርሲት።

ሶልያና እንቅልፍ እንደማይወስዳት ለሁሉም አስታውቃ ተጋደመች። ወዲያው ወሰዳት።

በሕልሟ መኪናውን የምትነዳው እሷ ነበረች። እግሯ ፍሬኑ ላይ አይደርስም፤ ሲያስፈልግ ግን ፍሬኑ ራሱ ብድግ ብሎ ወደ እግሯ ይመጣል። የአራት ዓመቱ ወንድሟ ጆሲ ከረቫት አስሮ ከጎኗ ጋዜጣ ያነባል። አባትና እናት ከኋላ ወንበር ይነታረካሉ።

«ደረስን?» አለ አባቷ።

«አልደረስንም።»

«አሁንስ ደረስን?»

«ሙሉቀን፣ ዝም ካላልክ አዙሬ እመልስሃለሁ!»

«ትርሲት ናት! እግሯን እኔ ላይ አደረገችብኝ!»

ጆሲ ከጋዜጣው ላይ ቀና ሳይል፣ «ያቀበጥናቸው እኛው ነን» አለ።

አስፋልቱ ዳር ላሞች ተሰልፈው ቆመዋል። መንገዱ መሀል ሰዎች እንደልባቸው ተንጋለው ያመነዥካሉ። አንዲት ላም ሰዓቷን አይታ ተነፈሰች። «እነዚህን ጠባቂያቸው የት ሄዶ ነው?» አለች ለጎረቤቷ።

ወዲያው ሐይቁ ዳር ያለው ጫካ ውስጥ ነበሩ። ዛፎቹ ላይ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ተንጠልጥለዋል። ጦጣዎች ቤተሰብ ቤተሰባቸውን ይዘው ከታች ኦቾሎኒ ይወረውሩላቸዋል። አንዲት ጦጣ ልጇን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ፣ «ያኛው ባለ መነጽሩ ይነጥቃል፣ ተጠንቀቂ» አለቻት።

የሐይቁ በር ላይ አባ ኮዳ ቆሟል። አባ ኮዳ ያ የሐዋሳ ዓሣ ገበያ አካባቢ የሚንጎራደደው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ነው። አሁን ግን የጥበቃ ኮፍያ አድርጓል። ለሶልያና እጅ ነሳ።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ እንኳን ደህና መጡ። ትልልቆቹ ይግቡ። እርስዎና ጋሼ ጆሲ ጫማ ይጠብቃሉ።»

«ለምንድን ነው እኛ የምንጠብቀው?»

«ገና ነዎት። ሲያድጉ ይገባሉ።»

«ጫማቸውን ይዘው ይግቡዋ! መዋኘት የፈለግሁት እኔ ነኝ! የመጣነው በእኔ ምክንያት ነው!»

«ሕግ ነው እመቤቴ።»

«ማን ያወጣው?»

አባ ኮዳ ረጅም አንገቱን ሰብሮ አሰበ። «እኔ እንጃ» አለ። «እኔ ስቀጠርም ነበር።»

አባትና እናቷ ግን አልጠበቁም፤ እየተገፋፉ ሮጠው ገቡ። ሐይቁ በአዋቂ ተሞልቷል። እቴቴ ዘነበች ከነቀሚሷ ትዘላለች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ዳክዬ የሚመስል የጎማ ቀለበት ወገባቸው ላይ አጥልቀው ይንቦጫረቃሉ። እናቷ ከመሀል ሆና፣ «ሶሊ እዪኝ! እያየሽኝ ነው? አላየሽኝም! እንደገና እዪኝ!» እያለች ትጮሃለች።

ዳር ላይ የልጅ መአት ጫማ ክምር ላይ ተቀምጧል። አንድ ጡጦ የያዘ ሕፃን ራሱን ነቀነቀና፣ «የዘንድሮ አዋቂ ምን ይሁን ብለሽ ነው» አላት። «የእኔዎቹማ ውጡ ቢሏቸው ማን ሊሰማ። ብርድ ሲይዛቸው አቅፎ የሚያድረው እኔ ነኝ።»

ሶልያና የአባቷን ጫማ ታቅፋ ተቀመጠች። በእውኑ ትልልቆቹ ሲከለክሏት፣ ልጅ ስለሆንኩ ነው ብላ ነበር። አሁን መኪና እየነዳች፣ ወይዘሮ እየተባለችም የተከለከለችው እሷው ናት። ዓለም ተገልብጣም ቢሆን ለእሷ ስትሆን አልተገለበጠችም። ይኼ ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ይሄኔ ነው ዓሦቹን ያየችው። ባርኔጣ ደፍተው፣ ዱካ ላይ ተደርድረው፣ ውሃው ውስጥ መንጠቆ ጥለው አዋቂ ያጠምዳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወፍራም አምባዛ ነው፤ ረጅም ጺሙን በክንፉ እየጠመዘዘ ይጠብቃል። መንጠቆው ላይ የሰካው ትል አይደለም፤ ስልክ ነው። ስልኩ ጠራ። ከዚያ ሁሉ ዋናተኛ መሀል አባቷ ብቻ ቀና አለ።

«አባዬ፣ አታንሳው!» ብላ ጮኸች።

«ሃሎ?» አለ አባቷ። መንጠቆው ያዘው።

አምባዛው ጎትቶ አወጣውና ባልዲ ውስጥ ጨመረው። ባልዲው በአባቶች ጢም ብሏል። ሁሉም ባንድ ላይ፣ «አዎ፣ አዎ፣ ይሰማኛል፣ መስመር ላይ ነኝ» ይላሉ።

ሶልያና ጫማውን ጥላ ሮጠች። «የእኔ ነው! መልስልኝ!»

«የቱ ነው የእርስዎ?» አለ አምባዛው በትሕትና። «እዚህ ያለው ሁሉ የሆነ ሰው አባት ነው።»

«ይኼ! ጸጉሩ የሳሳው!»

«እኔ አላስገደድኩትም እመቤቴ። ውሃውም ልጆቹም እዚህ ነበሩለት። ስልክ ሲጠራ በገዛ እግሩ መጣ።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«እንጠብሰዋለን። በሎሚና በዳጣ።»

«ሰው አይጠበስም!»

«ትናንት ምሳ ላይ የጠበሳችሁት የአጎቴ ልጅ ነበር።»

«እኔ ጭንቅላቱን አልበላሁም» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። ከዚያ ግን ንዴቱ ተመልሶ መጣና እግሯን መሬት ላይ መታች።

«አሁን የእኔ ተራ ነው! ዝናብ ነው ስትሉኝ ዝም አልኩ። ስልክ ነው ስትሉኝ ዝም አልኩ። ለቅሶ ስንሄድ ሳላስቸግር ተቀመጥኩ፤ የማላውቃት ሴትዮ ጉንጬን ስትስመኝ እንኳን ዝም አልኩ! ተኚ ስትሉኝ ተኛሁ! አሁን ደግሞ ጥብስ ነው የምትሉኝ? መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይዋኝ! ከዚያ እንደፈለጋችሁ!»

ዓሦቹ ሁሉ መንጠቋቸውን አስቀምጠው አዩዋት። የጫማ ጠባቂዎቹ ልጆች ቆመው አጨበጨቡ። አምባዛው አባቷን ከባልዲው አውጥቶ በክንፉ መዘነው፤ አገላብጦም አየው።

«ለነገሩ ገና ነው» አለ። «ያላደገ አንበላም።» መለሰላት።

አባቷ ተንጠባጥቦ ቆመ። ቁመቱ ጉልበቷ ድረስ ብቻ ነበር። «ሶሊዬ፣ አሁን እንገባለን» አላት። «አንድ አጭር ስልክ ብቻ ...»

«አንድም ስልክ የለም!» እጁን ጨብጣ እየጎተተችው ሮጠች። ጠጠሩ እግሯን ይወጋታል፣ አትቆምም። አባ ኮዳ «እመቤቴ፣ ሕጉ!» እያለ ተከተላት፣ አልሰማችውም።

ሐይቁ ግን ከዳር ጀምሮ እንደ ምንጣፍ ራሱን እየጠቀለለ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ቤቴ» አለ ሐይቁ። «እሁድ አለቀ እኮ።»

«እኔ ገና አልገባሁም!»

«ሁለት ቀን ሙሉ እዚሁ ተዘርግቼ ስጠብቅሽ ነበር። ማን ከለከለሽ? ነገ ሥራ አለብኝ።»

ሶልያና ተንደርድራ የውሃውን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። ሐይቁ ሳበ፤ እሷም ሳበች። ተረከዟ አሸዋው ላይ ተንሸራተተ። ውሃው እጇ ውስጥ ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ጨርቅም ይጨማደዳል።

«ልቀቂኝ።»

«አልለቅም!»

«ሶልያና፣ ልቀቂ።»

«አልለቅም! አልለቅም!»

«ሶሊ! የወንድምሽን ሸሚዝ ልቀቂ፣ ልታንቂው ነው!»

ዓይኗን ገለጠች። ሁለት እጇ የጆሲን ሸሚዝ ጨምድዶ ይዟል። ሸሚዙ እርጥብ ነው። የጆሲ ጸጉርም እርጥብ ነው። ያሉት መኪና ውስጥ ነው፤ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው፤ ዝዋይን አልፈዋል፤ መስታወቱን ዝናብ ይደበድበዋል። የምትነዳው እሷ አይደለችም።

«ሐይቁስ?» አለች።

እናቷ ከፊት ወንበር ዞር ብላ አየቻትና ተመልሳ ወደ መንገዱ ዞረች።

«እኔና አባዬ ዋኘን» አለ ጆሲ ፍልቅልቅ ብሎ። «አባዬ ስልኩን ቤት ትቶት መጣ። ጀርባው ላይ አዘለኝ። ውሃው ይሞቃል!»

«ጆሲ፣ ዝም በል አላልኩህም?» አለች እናቷ በለሆሳስ።

ሶልያና ወደ አባቷ ማጅራት አየች። ኮሌታው ረጥቧል። ጆሮው ሥር ትንሽ አሸዋ ቀርቷል።

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?»

«አሳዘንሽን እኮ ሶሊዬ» አለ አባቷ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «መኪና ውስጥ ተሸክሜ ሳስገባሽ እንኳን አልነቃሽም። ደግሞ በእንቅልፍ ልብሽ ስትስቂ ነበር። እንደዚያ እየሳቀ ያለ ልጅ እንዴት ይቀሰቀሳል?»

«እየሳቅሁ አልነበረም!» ብላ ጮኸች ሶልያና። «ጥርሴን ነክሼ ነው!»