የተረፉት ስድስት ክኒኖች

«ድኛለሁ አልኩሽ፤ የዳነ ሰው መድኃኒት የሚውጠው ለማን ብሎ ነው?» እናቴ ይህን ስትል ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። እህቴ ነጂማ ደግሞ ሐኪሙ እናታችንን ለታይፎይዱ ሰባት ቀን ዋጪ እንዳላት፣ እሷ ግን የዋጠችው አራት ቀን ብቻ እንደሆነ ትከራከራለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በር ላይ ቆመው የተረፉትን ስድስት ክኒኖች ይጠብቃሉ፤ ነገ ድሬዳዋ ይሄዳሉ። ክኒኖቹ እዚያ ላለችው አክስቴ ናቸው፤ ትኩሳት ይዟታል።

መቼም ይህን ልማድ ታውቁታላችሁ፤ የእናንተም ቤት ሳይኖር አይቀርም። ትኩሳቱ በረድ ሲል የተረፈው ክኒን በወረቀት ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው በሽተኛ ይቀመጣል። በእኛ ሰፈር፣ በካርቲየ 2፣ መድኃኒቱን ጨርሶ የሚውጥ ሰው ስግብግብ ሳይባል አይቀርም። ማካፈሉ ደግነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝም ደግነቱ ነው።

እኔ ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል አምኜ ባለጸጋ የሆንኩ ልጅ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ግን የባዮሎጂ መምህራችን በፈረንሳይኛ ያስተማሩን ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሏል። የባክቴሪያ ዲኤንኤ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ቀለበት ነው። ባክቴሪያው ሊባዛ ሁለቱን ክሮች ሲለያይ ከፊት ያለው ይከራል፤ ገመድ ስትፈቱ አይታችሁ የለ? ጂራዝ የሚባል ኢንዛይም የከረረውን ቆርጦ፣ አላልቶ፣ መልሶ ይቀጥለዋል። የእናቴ ክኒን ጂራዝን የሚይዘው ልክ ቆርጦ ሳይቀጥል ነው። ባክቴሪያው ገመዱ እንደተበጠሰ ይሞታል። መድኃኒቱ በግማሽ ከተተወ ግን ጂራዛቸው ትንሽ የተለወጠ፣ ክኒኑ የማይዛቸው ባክቴሪያዎች ሊተርፉ ይችላሉ። እነሱም ይባዛሉ። እናቴ ሆድ ውስጥ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ተናገርኩ።

«ጂራዝ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች እናቴ። ነጂማ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«እማዬ፣ ትኩሳቱ ቢመለስና ለዚህ ክኒን እምቢ ቢል ምን እናደርጋለን?»

ክኒኖቹን መዳፏ ላይ አገላበጠች። «ታዲያ ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ምን ትዋጥ?» አለችኝ። ምን እንደያዛት እንኳ እንደማናውቅ፣ ብናውቅም የሦስት ቀን ክኒን እንደማይበቃት፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለባት መለስኩ።

«አቦ፣ ይሄ ልጅ አፍ አወጣ» ብላ አንዱን ክኒን ዋጠች፤ አምስቱን ትራሷ ሥር ከተተች።

እፎይ ልል ስል ዓይኔ እትዬ ዘይነባ ላይ አረፈ። ቦርሳቸውን ከፍተዋል። ውስጡ የተረፈ ክኒን በወረቀት የተጠቀለለባቸው፣ በክር የታሰሩ፣ የተቀባይ ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ ጥቅሎች ሞልተውታል፤ የሰፈሩ ሁሉ ደግነት። ጥቂት አዩዋቸው። ከዚያ ቦርሳውን ዘጉና ይዘውት ሄዱ።