ጋሼ ማነህ እና ለሁሉም አቤት ባዩ ሰርቨር

በየመሥሪያ ቤቱ የገዛ ጥላውን መታወቂያ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋ ቢሮው ገና አልተከፈተም ማለት ነው! ለኮምፒውተር ገጽ ሠሪዋ ወጣት የደረሷት ደግሞ የዚህ ዘር ቁንጮ ነበሩ፤ ክቡርነታቸው ጋሼ ማነህ። ስሙን ያወጣላቸው ቢሮው ነው። ሚስታቸው ሲደውሉ እንኳ «ማነሽ?» ይላሉ አሉ (ይህን ጠላት ያወራው ይሆናል)።

ሥራቸው የክሊኒክ ሕሙማንን ካርድ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እሷ ሐኪሙ የሚያየውን ገጽ ትሠራለች፤ ጋሼ ከጀርባ ሆኖ መዝገቡን የሚያቀብለውን ሰርቨር። ገጹም ሰርቨሩም እዚያው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው። ጋሼ ግን ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር አዲስ የይለፍ ቃል ይፈጠር፣ ለገጹ ብቻ በጆሮው ይነገረው፣ ሰርቨሩም ያን ሳይሰማ ትንፍሽ አይበል ብለው ድርቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ባልና ሚስት በአንድ ጎጆ ውስጥ የይለፍ ቃል ይጠያየቃሉ እንዴ?»

«ባልየው ላንኳኳ ሁሉ የሚከፍት ከሆነ፣ ይጠያየቁ!»

ተናደደችና የይለፍ ቃል ጥያቄውን ከፕሮግራሙ አጠፋችው። ጋሼ በዚያው ኮምፒውተር ራሳቸው ያሰናዱትን አንድ ተራ ድረ ገጽ ከፈቱ። ድረ ገጹ በጓሮ በኩል ሰርቨሩን ጠራው፤ ሰርቨሩም ለሙከራ የገቡትን ሕሙማን ስም ከነበሽታቸው ዘረገፈለት።

«አየሽው ልጄ? ለጠራው ሁሉ አቤት፣ ለላከው ሁሉ ወዴት!»

እሷም ጥያቄውን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ጋሼ ጡረታ ወጡ። «ግልግል!» አለች። ግልግሉ ሁለት ቀን ቆየ። አሁን የቀሩት ባልደረቦቿ የሠራችውን ሁሉ አይተው «ጥሩ ነው» ይሏታል። «ጥሩ ነው» የሚሉት ነገር እንዲህ ሆድ እንደሚያባባ መች ታውቅ ነበር! በባዶው የጋሼ ጠረጴዛ አጠገብ ስታልፍ የሚያስቆማት የለም።

ትናንት አለቃዋ «ፕሮግራሙ ሲከፈት ይዘገያል፤ ያ የሽማግሌው ጥያቄ ይውጣ» አለ። ጋሼ ቢሮው ውስጥ የቀራቸው ያ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«አይወጣም» አለች።

«ለምን?»

«የሰው ገመና ስለሆነ!» ጥያቄውን ለአፍታ አጥፍታ ያንኑ የጋሼን ድረ ገጽ ከፍታ አሳየችው። አለቃው አይቶ ላቡን ጠረገና «ይቆይ» አለ።

እየሮጠች ደወለች። «ጋሼ፣ ሊያወጡት ነበር፤ አስቀረሁት!»

ምርቃት ጠበቀች። ጋሼ ግን «የይለፍ ቃሉ ፕሮግራሙ ስህተቱን በሚጽፍበት፣ ማንም በሚከፍተው መዝገብ ውስጥ አይጻፍም አይደል?» አሉ።

አየች። ለካ ይጻፋል። «ይጻፋል፣ ጋሼ።»

«በሩን ቆልፈሽ ቁልፉን ደጃፍ ላይ ሰቀልሽው በይኛ!»

ተጀመረ። አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ቀዳዳ… አሥራ አንድ ቆጠሩላት። አንድም ሳታስቀር ጻፈች።

«በይ፣ ሥራ አስፈታሁሽ» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ ምንም አይደል» አለች፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ደገፍ እያለች። «እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ ጋሼ፤ አልሰማሁም።»