ዜና ኮርቻ ዘልዕልት ሶሲና፣ ካራማራን ተቀምጠው ስለ ወጡት

በ፳፻፲፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ኅዳር፣ ልዕልት ሶሲና ወለተ ኃይለመስቀል፣ ዘሀገረ ጅግጅጋ፣ በባሕር ዋናተኛ (ባሕሩ የሆቴል ገንዳ ነው)፣ በየብስ ሯጭ፣ በመካከሉም ብስክሌተኛ፣ በብስክሌት ላይ በነገሡ በሁለተኛው ዓመት፣ ከመንበራቸው ጋር ተጣሉ። መንበር ያልነው የብስክሌቱን ኮርቻ ነው። የተጣላው አካል የትኛው እንደ ሆነ ግን የዚህ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ጨዋ ቤተሰብ ያሳደገው ስለሆነ አይጽፍም፤ አንባቢም ጨዋ ከሆነ ገብቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልዕልት ሶሲና በጥር ወር በከተማይቱ የሚደረገውን፣ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በአንድ ማለዳ የሚያሰልፈውን፣ ትራያትሎን የሚሉትን ገድል ለመፈጸም ተነሥተው፣ በየማለዳው ካራማራን ሲወጡና ሲወርዱ፣ ዳገቱ ሳይሆን ኮርቻው ድል ነሣቸው። ካራማራ በዘመኑ ብዙ ታንክ ያየ ተራራ ነው፤ በፔዳል ላይ ቆሞ እንባውን እየጠረገ የሚወጣ ሰው ግን አላየም ነበር። ልዕልት ቤት ሲመለሱም ምሳቸውን ቆመው በሉ፣ እራታቸውንም ቆመው በሉ፣ እንግዳ መጥቶ ወንበር ሲቀርብላቸው ግድግዳ ተደግፈው አመሰገኑ። እናታቸው ወይዘሮ ቦጋለች፣ እመ ልዕልት፣ በዓልተ ገበታ፣ ይህን አይተው አንጀታቸው ስላልቻለ፣ የድስት ክዳን በማንኪያ እየመቱ ከበረንዳቸው አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማሽ ላልሰማች አሰሚ። በዚህ ቤት ሰው ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ቆሞ የሚበላ ግመል ነው። በውድድሩ ዕለት ልጄ ከገበታዬ ቁጭ ብላ ምሳዋን ካልበላች፣ ያ ብስክሌት ማግስቱን ይሸጣል።»

ልዕልት አዋጁን በሰሙ ጊዜ የብስክሌታቸውን መሪ በሁለት እጃቸው ያዙ። ከብስክሌቱ የሚለዩ ከሆነ ጅግጅጋም ጅግጅጋ፣ ማለዳውም ማለዳ አይሆንላቸውም ነበርና።

የድስቱ ክዳን ድምፅ በሰፈሩ ተሰማ። የጅግጅጋ ሴቶችም የተቸገረ ሰው አይተው ዝም ማለት ስለማያውቁበት ለርዳታ ዘመቱ፤ ከምሥራቅ ወተት ሻጯ ኢስተሂል የበግ ለምድ ተሸክማ፣ ከምዕራብ ልብስ ሰፊዋ ዐኒሳ በጨርቅ ቁርጥራጭ የተጠቀጠቀ ትራስ ታቅፋ፣ ታይዋን ከሚሉት የከተማይቱ ገበያ ባለሱቋ ፈትያ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ አንግታ፣ ከኋላቸውም ፎጣና የሶፋ ልብስ የያዘ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሠራዊት። ስለዚህ ይህ ወራት በሦስት ይከፈላል፤ ዘመነ ስፖንጅ፣ ዘመነ ለምድ፣ ዘመነ ትራስ። በዘመነ ስፖንጅ ሕመሙ ባለበት ጸና። በዘመነ ለምድ ላብ ተጨመረበት። በዘመነ ትራስ ደግሞ ልዕልት እንደ ነገሥታት ሥርዓት ተቀቡ፤ ቅባቱ ግን ቫዝሊን ነበር፣ የተቀባውም ራስ አልነበረም።

እዚህ ላይ የልዕልት ድካም ሳይሸሸግ ይጻፍ። የመጣላቸውን ሁሉ ተቀበሉ፣ አንዱንም ማውረድ ግን አልቻሉም። ኢስተሂል ወተቷን ይዛ ከመንገድ ዳር ቆማ ለምዷን በዓይኗ ትፈልጋለችና፤ ፈትያም ሱቋን ስትከፍት ስፖንጇ ማለፉን ታያለችና፤ ዐኒሳማ ትራሷን በእጇ ነካ አድርጋ ነው የምትሸኛቸው። ይሉኝታ ከካራማራ ይከብዳል። ስለዚህ ለምዱ በስፖንጁ ላይ፣ ትራሱ በለምዱ ላይ ተነባብሮ፣ በገመድም ተጠፍሮ፣ ልዕልት ከፍ ከፍ አሉ፤ ከፍ ከማለታቸውም የተነሣ እግራቸው ፔዳሉን ፈልጎ አጣው። አንድ ማለዳም ከዚያ ከፍታ ወደ ቀኝ ዘንበል ብለው፣ ለውኃ በሚሄዱ ግመሎች መካከል በታላቅ ክብር ወደቁ። ግመሎቹ መንገድ ለቀቁላቸው።

ወእምድኅረ ዝንቱ ልዕልት የተጫረ ጉልበታቸውን ይዘው ፕላስተር ፍለጋ ከፈትያ ሱቅ ገቡ፤ ቆመው መጠበቅ ስላቃታቸውም፣ ምን ይምጣ ብለው፣ በአንድ የመካሮኒ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ከካርቶኑ ውስጥ የብዙ መካሮኒ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። ፈትያም ከባንኮኒዋ ጀርባ ተነሥታ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ አዋጇን ነገረች፦

«ናያ፣ አንቺ ሶሲ፣ ወላሂ ይሄ መካሮኒ አሁን ሩዝ ሆኗል። የተቀመጠችበት ትውሰደው፤ እኔ ለደንበኛዬ ስብርባሪ አልሸጥም።»

ልዕልትም አፍረው ካርቶኑን ገዝተው፣ ተሸክመው፣ ከግቢያቸው ገብተው ከብስክሌቱ አጠገብ ባስቀመጡት ጊዜ፣ ምስጢር ተገለጠላቸው። በካርቶኑ ክዳን ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ታትመው ነበር፤ የሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶቻቸው ማኅተም። የትራሱን ተራራ ፈትተው፣ ክዳኑን ቀድደው በኮርቻው ላይ ቢያነጥፉት፣ ኮርቻው ጠባብ ነበርና አንዱ ምልክት ከኮርቻው በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ አየር ላይ ቀረ። ለካ አጥንታቸው አንድም ቀን በኮርቻው ላይ ዐርፎ አያውቅም! ሸክሙን ሁሉ ሲሸከም የኖረው በመካከል ያለው፣ ጸሐፊው የማይጽፈው፣ ምስኪን ሥጋ ነበር፤ ትራስ በተጨመረ ቁጥርም የሚጫነው እዚያው ላይ ነበር። ልዕልት በግቢያቸው ብቻቸውን ሳቁ፤ ጎረቤት ወጥቶ እስኪያያቸው ድረስ ሳቁ።

ያንን ክዳን እንደ ጋሻ አንግበው ወደ ብስክሌት ጠጋኙ አድማሱ ገሠገሡ። በአድማሱ ግድግዳ ላይ፣ ከጅቡቲ ድንበር በደወሌ በኩል ከገባ ዕቃ ጋር የመጣ፣ ማንም ያልገዛው አንድ ኮርቻ ተሰቅሎ ነበር፤ ከኋላው ሰፊ፣ እንደ ዱላ ደረቅ፣ መካከሉም የተቦረቦረ። ያየው ሁሉ አይጥ የበላው እየመሰለው ስለሳቀበት፣ አድማሱ የመፍቻ ማንጠልጠያ አድርጎት ነበር። ልዕልት ክዳኑን ቢያስቀምጡበት ሁለቱ ምልክቶች በሰፊው ላይ ልክክ አሉ። አድማሱም እየተጠራጠረ መፍቻዎቹን አወረደ፣ ኮርቻውን አሰረ፣ አፍንጫውንም ጥቂት ወደ ታች አዘነበለው። ልዕልት ተቀመጡ። ወርደው እንደገና ተቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ሳይቆሙ ካራማራ ጫፍ ደረሱ፤ እዚያም ስለቸኮሉ ሳይሆን ደስ ስላላቸው ብቻ ደውላቸውን ደጋግመው ደወሉ።

ቀረ የሴቶቹ ነገር። ደረቁ ኮርቻ ራቁቱን ከታየ ስጦታው ተናቀ ማለት ነው፤ ይህም ልዕልትን ከሕመሙ በላይ አስጨነቃቸው። በውድድሩ ዋዜማ፣ ለአንዲት ቀን ብለው፣ ትራሱን መልሰው ሊጠፍሩ ገመድ ሲያነሡ፣ ወይዘሮ ቦጋለች ደርሰው ገመዱን ነጠቋቸው፤ ወደ ድስታቸውም ክዳን ተመለሱ፦

«የሰማሽ ላልሰማች አሰሚ። ልጄ የመጣላትን ሁሉ ተቀብላለች፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን ስጦታሽን መልሰሽ ውሰጂና ነገ በካራማራ መንገድ ዳር አንጥፈሽ ተቀመጪበት። እሷ በደረቁ ትሂድ፤ እኛ በለስላሳው ሆነን እንያት። ቆማ የምታይ ሴት እንዳላይ።»

በማግሥቱ ልዕልት ከገንዳው ከኋለኞቹ ጋር ወጥተው፣ ከነውኃቸው ብስክሌቱ ላይ ወጥተው ወደ ካራማራ ሲነዱ፣ መንገዱ ዳር ሠራዊቱ ተቀምጦ ቆያቸው፤ ኢስተሂል በለምዷ ላይ፣ ዐኒሳ በትራሷ ላይ፣ ፈትያ ሱቋን ዘግታ በስፖንጇ ላይ። ያቺ ማለዳ ከሁሉም በላይ ካርቶን ሲያነሣ ለሚውለው ለፈትያ ወገብ ተስማማች። እልልታው ከአንዱ ፍራሽ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ዳገቱን ሲወጣ፣ ልዕልት በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በሌላው እጅ እየነሡ፣ ተቀምጠው አለፉ። አላሸነፉም፤ ሩጫው ላይም ብዙዎች ቀደሟቸው። ገድሉን ግን ፈጸሙ።

በምሳ ሰዓትም ወይዘሮ ቦጋለች ያን የተሰባበረ መካሮኒ ሠርተው ገበታ አቀረቡ፤ ሴቶቹም ጎርሰው ሳይውጡ ወደ ወንበሩ ዓይናቸውን ጣሉ። ልዕልት ሶሲና ቁጭ አሉ። በሉ። እናታቸው ጨመሩላቸው፤ ተደላድለው ያንንም በሉ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ቦጋለች የድስቱን ክዳን ወደ ጓዳ መለሱ፤ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ።

ሰላም ለአእጋሪኪ፣ ካራማራን ለረገጡት። ሰላም ለአብራክኪ፣ በግመል ፊት ለተጫሩት። ጸሐፊውም ስሙን ለማይጽፈው፣ ስፖንጅን፣ ለምድንና ትራስን ችሎ ለኖረው ለዚያ አካል፣ ከብዙ ዘመን ጦርነት በኋላ፣ ሰላም።