ልጄን የቀማኝ ጎረቤት

ቅናት ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ባልና ሚስት ነው። ወሬውም፣ ሽምግልናውም፣ ድብድቡም በዚያው ዙሪያ ነው። ሚስቱ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ አይቶ የቀና ባል ቢያንስ የሚያወራለት ሰው አያጣም። ጓደኞቹ ይሰበሰቡለታል፣ «ተው እባክህ፣ እሷ እንዲህ ዓይነት ሴት አይደለችም» ይሉታል፣ የሚጠጣም ይጋብዙታል። እኔ የያዘኝ ዓይነት ቅናት ግን ለማን ይነገራል? የስድስት ዓመት ልጄ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሽማግሌ ከእኔ አስበልጣ ወደደችብኝ ብዬ ለማን አቤት ልበል? እናንተም ከአሁኑ መሳቅ ጀምራችኋል፤ ግድ የለም፣ ሳቁ።

ቤተሰብ ይዞ ለሥራ ሰው አገር የሚገባ ሰው መካሪ ሞልቶለታል። ሚስቴን ዘነቡን፣ ይህችን ልጄን ሜላትንና ገና የሚጠባውን ወንዱን ልጄን ከገንዳ ውሃ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላሻግር ስነሳ ያልመከረኝ አልነበረም። አንዱ ስለ ወባ ነገረኝ። ሌላው ስለ ሙቀቱ። አንዱ ደግሞ ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ፖሊስ ሲያስቆመኝ እንዴት ፈገግ እንደምል ጭምር አለማመደኝ። አጎቴማ ፊት ለፊት «አብደሃል እንዴ? ሱዳኑ ራሱ ከጦርነት ሸሽቶ ይወጣል፣ አንተ ሚስትና ጨቅላ ይዘህ ትገባለህ!» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከካርቱም የተፈናቀለው ሁሉ ገብቶ ከተማው በሰው ጢም ብሎ ነበር። ግን ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ዝናብ ሲመጣ ጦርነት አለ ብሎ አይቀመጥም፤ የተሰበረ ማረሻው ብየዳ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በያጅ ነኝ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መካሪ አንድም ሰው «ተጠንቀቅ፣ ጎረቤትህ ልጅህን በአንድ ሳህን ፉል ይወስድብሃል» አላለኝም።

ለምን አመጣኋቸው? ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ብቻዬን ገዳሪፍ ሠርቼ ለፋሲካ ቤቴ ስገባ፣ ሜላት የእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ «እማዬ፣ ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?» አለቻት። ሰውዬው እኔ ነኝ። የያዝኩትን የዶሮ ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። እኔ ራሴ አባቴን ሳላውቀው ነው ያደግኩት፤ የሚመስለኝን ሰው መንገድ ላይ እያየሁ «ይሄ ይሆን?» እያልኩ። ልጄ እንዲህ እንድታድግ አልፈለግኩም። ወባም ይሁን ሙቀት፣ አንድ ላይ ይግደለን አልኩና ጠቅልዬ አመጣኋቸው።

ከአጥራችን ማዶ ሀጅ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ጦርነቱ ሲመጣ የልጅ ልጆቹን ሰብስበው ግብፅ ገብተዋል። እሳቸው «በዚህ ዕድሜዬ የማን አገር ስደተኛ ልሁን?» ብለው ቀሩ። አስር ሰዓት ሲሆን የገመድ አልጋቸውን ከበራቸው ፊት ጥላው ላይ ያወጡና ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ትሪው ከጎናቸው ነው። እኛ ሰው ሲበላ ካየን ዓይናችንን ሰብረን ነው የምናልፈው፤ እዚያ ግን ምግብ ደጅ ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው ይጠራል፣ እምቢ ያለ ሰው እንደ ተሳደበ ይቆጠራል። ሜላት ይህን ባህል ለመልመድ ሁለት ቀን አልፈጀባትም።

በመጀመሪያው ሳምንት ከትሪው ራቅ ብላ ቆመች። በሁለተኛው ተቀመጠች። በወሩ አልጋው ላይ ወጥታ እግሯን እያወዛወዘች «ጂዱ» ትላቸው ጀመር፤ አያቴ ማለቷ ነው። እኔ ስንት ዓመት ለፍቼ ከአለቃዬ ጋር ለመግባባት ያህል ብቻ የያዝኩትን አረብኛ እሷ በአራት ወር እንደ ውሃ ጠጣችው። ከሥራ ደክሜ ስመለስ ሁለቱ አልጋው ላይ ሆነው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ አይገባኝም። ሰው በማይገባው ሳቅ አጠገብ ሲያልፍ ደግሞ የተሳቀው በራሱ ይመስለዋል። ሸሚዜን አያለሁ፣ ሱሪዬን አያለሁ፣ ዚፔም ተዘግቷል። ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝቼላት ስገባ «በልቻለሁ፣ ጂዱ ሰጡኝ» ትለኛለች። ስንቱን ሐላዋ ብቻዬን እየተናደድኩ በላሁት መሰላችሁ!

አንድ ቀን እኔ ከወዲህ እየመጣሁ፣ እሳቸው ከወዲያ ተቀምጠው፣ እሷ መሐል ላይ ስትሮጥ ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ። በእጄ ሥር አልፋ ወደ እሳቸው ሮጠች። እሳቸው ጉልበቷን እፍ ሲሉላት እኔ እንደ ተንበረከክኩ ቀረሁ፤ ሰው እንዳይታዘበኝ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መሰልኩ። የተጫማሁት ነጠላ ጫማ ነበር።

ለዘነቡ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ሰው ማጽናናት አትችልበትም።

«ሰውዬው ልጄን እየወሰዱብኝ ነው» አልኳት።

«ሰውዬው አትበል፣ ነውር ነው። ልጅህ አያት ብታገኝ ጣውንት የመጣብህ ይመስል ትንጨረጨራለህ?» አለችና ወንዱን ልጅ አስታቀፈችኝ። «እንካ፣ ይሄ ገና አረብኛ አያውቅም፤ በእሱ ተጽናና።»

የጥርሱ ነገር የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው። የሜላት የፊት ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር ደስታዬን አልቻልኩትም። በዚህ እንኳ ሀጅ ኢድሪስ አይገቡም፤ የወተት ጥርስ የቤተሰብ ጉዳይ ነው! እናቴ ለእኔ እንዳደረገችልኝ፣ በክር ነቅዬ፣ ጥርሷን ጣሪያ ላይ አስወርውሬ፣ ወፏን «አሮጌውን ውሰጂ፣ አዲሱን አምጪልኝ» ላስብላት አሰብኩ። ዓርብ ሥራ የለም፤ ለዓርብ ጠዋት ቀጠርኳት። ክሩን ራሱ መርጬ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ሰነበትኩ። ከሥራ ስመለስ በጣቴ ነቅነቅ አድርጌ «ቆይ፣ ለዓርብ ይደርሳል» እላታለሁ።

ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ ተቀበለችኝና ሳቀች። ከፊት ባዶ ነው።

«ጥርስሽስ?»

«ወለቀ።»

«የት አለ?»

«ፀሐይ ወሰደችው።»

«ማን ሰጣት?»

«እኔና ጂዱ ወረወርንላት።»

ለካ እነሱ ዘንድ የወለቀ ጥርስ የሚወረወረው ወደ ፀሐይ ነው። መወርወሩስ ይሁን፣ ስትወረውር ምን እንዳስባሏት ስሙልኝ። «ፀሐይ ሆይ፣ የአህያ ጥርስ ውሰጂ፣ የሚዳቋ ጥርስ ስጪኝ» ነው የሚባለው። የአህያ! የእኔን ልጅ ጥርስ፣ ያንን ሩዝ የመሰለ ጥርስ፣ የአህያ ጥርስ ብለው ጣሉት! በፌስታል የያዝኩትን ቲማቲም መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ።

ሰው አገር የሚናደድ ሰው ትልቁ ችግሩ ቋንቋ ነው። የእኔ አረብኛ ብረት ለመለካትና ኤሌክትሮድ ለመጠየቅ ነው፣ ለንዴት አልተማርኩትም። ስለዚህ በአማርኛ ጀመርኩ። «ይስሙኝ ሀጅ! እኔ ይህችን ልጅ ድንበር አሻግሬ ያመጣኋት አባት እንድሆናት ነው! እርስዎ አልጋ ላይ ተቀምጠው እንዲወስዱብኝ አይደለም! ደግሞ የምን አህያ ነው? ለዓርብ ቀጥሬያት ነበር! ክሩም ይኸው!» ክሩን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። አንድ ቃል እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ንዴቴ ሲያልቅብኝ ክሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ፈቀቅ ብለው አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁና «ተፈደል» አሉኝ። እባክህ ተቀመጥ ነው። ምን ላድርግ? በዚያ አገር «ተፈደል» የተባለ ሰው አይቆምም። ተቀመጥኩ። ሻይ ቀዱልኝ፤ እየተናደድኩ ጠጣሁት። ትሪውን ወደ እኔ ገፉት፤ እየተናደድኩ በላሁ። ጥሩ ፉል ነበር፣ ሰሊጥ ዘይት የጠገበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚያ አልጋ ላይ ነው የምቀመጠው። ልጄን ልጠብቅ ነዋ! ሜላት ትንሽ ትቀመጥና ከሰፈሩ ልጆች ጋር ልትጫወት ትሄዳለች፤ እኔ ግን እጠብቃለሁ። ምኑን እንደምጠብቅ እንጃ። ሀጅ ኢድሪስ በጭነት መኪና የዞሩበትን አገር በቀስታ፣ እኔ እንደሚገባኝ አድርገው ይነግሩኛል። እኔም በተሰባበረው አረብኛዬ አለቃዬ ሲጮህብኝ የዋለውን፣ ዓይኔን የብየዳው ብርሃን ያቃጠለኝን እነግራቸዋለሁ። ዱባ ቆርጠው ዓይኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ያ ወለዲ» ይሉኛል፣ ልጄ ሆይ እንደ ማለት ነው። ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመላልሰውንም እንዲሁ ነው የሚጠሩት፤ እሱ ነገር ደስ አላለኝም።

ቅናቱ ለቀቀኝ እንዳትሉ። ሜላት እራት ላይ እንኳ «ጂዱ እንዲህ አሉ፣ ጂዱ እንዲያ አሉ» ስትል እንጀራው አፌ ውስጥ ይደርቃል። በዚያው ሰሞን ዶካ በምትባል ሌላ ከተማ አንድ ባለ እርሻ ትራክተሮቹን የሚጠግንለት በያጅ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና «እሄዳለሁ» አልኩ።

«ለሥራ ነው?» አለች ዘነቡ።

«ለሥራ ነው እንጂ!»

«ደመወዙ ይሻላል?»

«ያው ነው። አየሩ ይሻላል።»

«የዶካ አየር?» አለች። «ብቻህን ሂድ ብልህ መልሰህ ለልጅህ እንግዳ ትሆናለህ። ስለዚህ እንሄዳለን። ለሽማግሌው ግን አንተው ትነግራቸዋለህ፤ እኔ በዚህ ኃጢአት የለሁበትም።»

ነገርኳቸው። «መቼ?» ብቻ አሉ። ቅዳሜ አልኳቸው። ሻይ ቀዱልኝ።

ቅዳሜ ዕቃችንን ጭነት መኪና ላይ ጫንን። ሜላት ታለቅሳለች፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ፍራሹን በገመድ አስሬ ስጨርስ ሀጅ ኢድሪስ መጡና ቋጠሮዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፈቱት። በዚያ ዕድሜያቸው ጎማው ላይ ወጥተው እንደገና አሰሩት። ሜላትን ሳሟት። ዘነቡን መረቋት። ሕፃኑን ዳሰሱት። እኔ ተራዬን ቆሜ ጠበቅኩ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ተሳፈርኩ። የጋቢናውን በር በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ቀስ ብለህ» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሹፌሩ አላወቅኩም።

ዶካ በገባን በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሜላት የለችም። ብፈልጋት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ከሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ዘላቢያ የሚባለውን ጣፋጭ ትበላለች። «ኻልቲ» ትላቸዋለች፤ አክስቴ ነው። በሦስት ቀን! ዘነቡ ከኋላዬ ደርሳ ይፈነዳል ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እኔም ቅናቱ እስኪመጣ ጠበቅኩት። ምንም የለም። ልጅቷ ትብላ እንጂ፣ ደጎች ናቸው፣ ምን ክፋት አለው አልኩና ወደ ቤት ገባሁ። ዘነቡ ግንባሬን በእጇ ነካችው፤ ወባ የያዘኝ መስሏት ነው።

ወባ አልነበረም። ነገሩ የገባኝ ዓርብ ነው። ሀጅ ኢድሪስ ኔትወርክ ሲኖር ዓርብ ዓርብ ከሶላት መልስ ይደውላሉ፤ የሚደውሉት በእኔ ስልክ ነው። አነሳለሁ። ሰላምታው ያልቅና «ሜላትስ?» ይላሉ። እሰጣታለሁ። ግማሽ ሰዓት ይንጫጫሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከዚያ «ቻው ጂዱ» ትልና ትዘጋዋለች። አንድም ቀን «እስቲ አባትሽን ስጪኝ» አላሉም! «ሥራው እንዴት ነው? ዓይንህስ ተሻለህ?» ብሎ ነገር የለም። ያ የማውቀው ቅናት ተመልሶ መጣ። በማን እንደ ቀናሁ ሳውቅ አፈርኩ፤ ግን ማፈር ቅናትን አስታግሶት አያውቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው ታስወራለች፣ እኔ ትልቁ ሰውዬ ስልክ ይዤ እቆማለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሜላት ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣችና ፊት ለፊቴ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ሜላትስ?» አሉ ሀጅ ኢድሪስ።

«ተኝታለች» አልኳቸው።

ሜላት አፏን ከፍታ አየችኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሊዘጉብኝ ነው ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይበልጥ ለጠፍኩት።

«አንተስ» አሉኝ፣ «ምሳ በልተሃል?»

ዘነቡ ያቀረበችውን ሙሉ ትሪ ጥርግ አድርጌ ገና እጄን መታጠቤ ነበር።

«ኧረ አልበላሁም» አልኳቸው።