የሼህ ይመር ዱዓና የደረቀችው ኮንደንሰር

የተበላሸ ነገር ሁሉ መጠገን አለበት ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ፣ እኔም እንደናንተ ነበርኩ። ጠጋኝ ሰው ሌላ ምን ያምናል? መካነ ሰላም በነበረችው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሽያን ሆኜ ስቀጠር፣ ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጬ እንኳ በራቸው ሲጢጥ ካለ ዘይት የምጠይቅ ዓይነት ነበርኩ።

ጣቢያው ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ባሕር ማዶ ጡረታ ወጥቶ በእርዳታ የመጣልን አንድ የድምፅ ማመጣጠኛ ማሽን ነበር። ሥራው የሚጮኸውን ዝቅ፣ የሚያንሾካሽከውን ከፍ ማድረግ ነው። (ስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ ቢገጠም ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ፤ ጮክ ብዬ ግን አልተመኘሁም።) ተናጋሪው ዝም ሲል እሱም ዝም ማለት ነበረበት። ይህን ግን ረስቷል። ዜና አንባቢው ትንፋሽ ሊወስድ ባቆመ ቁጥር የግቢውን ድምፅ እየጎተተ ያስገባል፤ የዘበኛውን ሳል፣ የጎረቤቱን አውራ ዶሮ። የማዳበሪያ ስርጭት ዜና መሃል ዶሮው ሲጮህ ጊዜ አለቃዬ ግምገማ ላይ አነሱብኝ።

ሦስት ቀን ፈተሽኩት። መጀመሪያ ሽቦ ቀያየርኩ፤ ቀጥሎ አቧራውን አራገፍኩ፤ ከዚያ እንደማንኛውም የተማረ ሰው በመዳፌ መታሁት። በመጨረሻ ዝምታውን የሚጠብቀው ክፍል ውስጥ አንዲት የደረቀች ኮንደንሰር፣ ጣት የማታህል የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ፣ አገኘሁና ከአሮጌ ቴፕ በነቀልኳት ተካኋት። ዝምታው እንደታጠበ ብርጭቆ ጠራ። አለቃዬ አመሰገኑኝ። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

በየጁምዓው ጠዋት ሼህ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ በጣቢያችን ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱትን ልጆች በስማቸው እየጠሩ ይመርቁ ነበር። አንድ ምርቃት ይሉና «አሚን» እስኪባል ዝም ይላሉ። ከጥገናው በኋላ የመጀመሪያዋ ጁምዓ በደህና አለፈች ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት እማማ ዘይነባ የሚባሉ እናት ከወግዲ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ማሽኑን የነካኸው አንተ ነህ ልጄ?»

«እኔ ነኝ እማማ። አልጠራም?»

«መጥራቱንስ ጠርቷል። ልጄ ስትመረቅ ግን አሚን ያለላት የለም። ነገ ከቤት ትወጣለች። አሚን ባልተባለበት ዱዓ እንዴት አድርጌ ልስደዳት?»

«ስቱዲዮ ይግቡና እርስዎ ይበሉላት።»

«እኔማ እናቷ ነኝ። የኔ ብቻ መች ይበቃል? የአገር ነው እንጂ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ስቱዲዮ ውስጥ ከሼሁ በቀር ማንም አይገባም። ለካስ ያ ሁሉ አሚን ከመስኮቱ ውጭ ነበር። ዘበኛው አያ ደምሴ በክርስቲያን ደንባቸው «አሜን» ሲሉ፣ የልጆቻቸውን ስም ሊያስመዘግቡ የመጡ እናቶች «አሚን» ሲሉ፣ ለአገር የሚያደርሰው ያ የታመመ ማሽን ነበር። እኔ ሁሉንም ከዶሮው ጋር ጠርጌ አስወጥቻቸዋለሁ። አፈርኩ።

ሼህ ይመር ተለምነው ከሰዓት መጡ፤ መምጣታቸውን የሰማም ግቢውን ሞላው። እኔ የደረቀችውን ኮንደንሰር ከቆሻሻ ቅርጫት ፈልጌ ቦታዋ መለስኳት።

«አላህ በሰላም አግብቶ በሰላም ይመልሳት» አሉ ሼሁ። ዝም አሉ።

ማሽኑ ለአፍታ አመነታ። ከዚያ ግቢው እንዳለ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ የአያ ደምሴ ወፍራም አሜን፣ የሴቶቹ አሚን፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ እየተንቀጠቀጠች የደረሰችው የእማማ ዘይነባ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ዶሮው ጮኸ።

አለቃዬ በሩን ከፈት አድርገው «ይሄ ዶሮ ተጠግኖ አልነበረም እንዴ?» አሉ። አሚኑን አስገብቶ ዶሮውን የሚያስቀር መለዋወጫ እንደሌለ አስረዳኋቸው። ለቀጣዩ ግምገማ ማስታወሻ ያዙ።

ልጅቷ ዓረብ አገር በሰላም ገባች። ይህን የሰማነው ከእማማ ዘይነባ ነው፤ ምስጋናቸውን በብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ቀይ፣ ደረቱ የሰፋ አውራ ዶሮ። ማረዱ አላስችል ብሎኝ ግቢው ውስጥ አሰርኩት። ለአለቃዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ሳወጣና ሳወርድ፣ ዜናው መሃል እሱ ራሱ ነገራቸው።